ዓይን ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም

በዚህ ዘመን በየመጽሐፍ መሸጫውና በየስብሰባው አዳራሽ እጅግ የተወደደ አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም ነገር ሁሉ እንደ ተመልካቹ ነው፤ ሰው አመለካከቱን ቢለውጥ ዓለሙ ይለወጥለታል የሚል ነው። ይህንኑ ትምህርት ለማስፋፋት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ አነስተኛ መጽሐፍ ጽፎ አሳትሞአል። አንዱን ቅጂ ሰጥቶኝ «መምህር፣ ያንብቡትና ሳያዳሉ ፍርድዎን ይስጡኝ» ስላለኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የደራሲውን ስምና የመጽሐፉን ርእስ የማልጠራው ልጁን ላለማሳፈር ብቻ አይደለም፤ የጻፈው ነገር የእርሱ ብቻ ስላልሆነም ነው። በአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም በብዙ አፍ የሚነገር ነገር ነውና አንዱን ሰው ለይቶ መምታት አይገባም።

አጻጻፉ ንጹሕ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አይንዛዛም፤ ሀሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ» ለይቶ መጻፉም አስደስቶኛል፤ ዛሬ ይህን የሚጠነቀቅ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ሐሳቡንም የሚያስረዳው በምሳሌ እንጂ በደረቅ ቃል አይደለም። ስለዚህ ብዙ አንባቢ የሚያገኝ ይመስለኛል፤ ዝም ለማለት ያልቻልሁትም ስለዚሁ ነው።

የመጽሐፉ ግማሽ እውነት መሆኑን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። በወንዛዬ ፍል ውሃ የታጠበ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በጥቅምት ብርድ ሌሊቱን በእግሩ ሲጓዝ አድሮ ጎሕ ሲቀድ የደረሰው መንገደኛ ገና እግሩን ነከር ሲያደርግ «ኧረ ሊልጠኝ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ከእርሱ አስቀድሞ ገብቶ እስከ አንገቱ የተነከረው ሽማግሌ ደግሞ «ለብ ብሎ የለም እንዴ፣ ምን ያስጮኽሃል?» ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ውሃውም አንድ ውሃ ነው። ጆን ሎክ የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1690 በወጣው ስለ ሰው አእምሮ በደረሰው ታላቅ መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አንሥቶ፣ አንዱ እጁ የሞቀ ሌላው እጁ የቀዘቀዘ ሰው ሁለቱንም ወደ አንድ ውሃ ቢያገባቸው ያው ውሃ ለአንዱ እጅ ቀዝቃዛ ለሌላው ሙቅ ሊመስለው እንደሚችል አስረድቶአል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ይህን በሦስት ሳፋ ውሃ አሳየን። እኔም በተራዬ መምህር ከሆንሁ በኋላ ለአራተኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ አሳይቻለሁ። አንዱ ሳፋ የምንጭ ውሃ፣ አንዱ በእሳት የሞቀ ውሃ፣ መካከለኛው ለብ ያለ ውሃ ነው። ልጁ ግራና ቀኝ እጁን በሁለቱ ዳር ሳፋዎች ጥቂት አቆይቶ ወደ መካከለኛው ሲያገባቸው ፊቱ ላይ የሚታየውን መደነቅ ማየት ራሱ ደመወዝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች «ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ?» ብለው ሲጠይቁት መልስ ያጣል። ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩን እከትበታለሁ፤ ቴርሞሜትሩም አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል። እንግዲህ እጆቹ ሁለቱም ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል፤ የመሰከሩት ግን ይበልጡን ስለ ራሳቸው ነው፤ ከየት እንደ መጡ ነገሩን። ደራሲያችን የሳፋውን ፈተና በመጽሐፉ ውስጥ በሚገባ ተርኮታል፤ ከእኔ ክፍል የወሰደው መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። ነገር ግን ቴርሞሜትሩን ትቶታል። የመጽሐፉ ጕድለት ሁሉ ከዚህች ከተተወች ቴርሞሜትር የሚመነጭ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ማስረጃው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና ሲገሠግሡ በክረምት ከዳርቻቸው ይወጡና ሜዳውን ያለብሱታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ያን ጊዜ በመስኮት እየተመለከተ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ያው ውሃ የገባበት ባለቤት ደግሞ እህሉን በራሱ ተሸክሞ ልጆቹን ወደ ደረቅ ሲያሸሽ ውበቱ አይታየውም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ከልክ ባለፈ ጊዜ ብዙ ሺሕ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በየትምህርት ቤቱና በየድንኳኑ መጠለሉ የሚረሳ አይደለም። አንዱ ውሃ ለአንዱ ሥዕል፣ ለሌላው ስደት ሆነ። እስከዚህ ድረስ ከደራሲው ጋር አንድ ነኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ግን ሩዝን ያመጣል። እንደ እርሱ አባባል፣ አባቶቻችን ውሃውን እርግማን አድርገው ስላዩት ተራቡ፤ ልጆቻቸው ግን አመለካከታቸውን ስለ ለወጡ ውሃው እንጀራ ሆነላቸው። ይህ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች የሩዝ ዘር ይዘው መጥተው፣ እንደ ጅግናና እንደ ሻጋ ባሉ የአምራቾች ማኅበራት መሬት ላይ ተሞከረ። የዘሩን እውነተኛ ስም የሚያውቅ ስላልነበረ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ ቀረ። ገበሬው በመጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ሊጠራጠርም ይገባው ነበር፤ የማያውቁትን እህል ልጆችን ይዞ መሞከር ቀላል አይደለም። በኋላ ሴቶች የሩዙን ዱቄት ከጤፍ እየቀላቀሉ እንጀራ መጋገርን ለመዱ፤ መፈልፈያ ወፍጮ መጣ፤ ገዢም ተገኘ። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ይህ ሁሉ ከእጅ፣ ከዘር፣ ከመፈልፈያና ከገበያ የመጣ ነው። ዘሩ ባይመጣ ኖሮ አባቶቻችን ያንን ውሃ ሺሕ ጊዜ በፍቅር ቢመለከቱት አንድ ፍሬ ሩዝ አይሰጣቸውም ነበር።

ደግሞስ አባቶቻችን ውሃውን እርግማን ብቻ አድርገው አዩት ያለው ማን ነው? ውሃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘሩ ነበር። ሣሩ በበጋ ሲለመልም የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ እስከ ሩቅ የተጠራው በዚያው ውሃ ምክንያት ነው። አሁን ሩዙ የግጦሹን መሬት እየወሰደው ሄዶ የላሟ ዘር ራሱ የሚያሳስብ ሆኖአል። እንግዲህ አዲሱ አመለካከት አንድ ነገር ሲገልጥ ሌላውን ሸፈነ ማለት ነው። ዛሬ ሜዳው ላይ ቆሞ ሩዝ የማይታየው ሰው የለም፤ ሣር የሚታየው ግን ጥቂት ሽማግሌ ነው። በሬውን «ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብለን እንተርትበታለን፤ እኛ ደግሞ ሩዙን አይተን በሬውን ልንረሳው ነው።

ይህም ቢሆን ቀላል ስሕተት ነውና በወዳጅነት የሚታረም ነው። የመጽሐፉ አምስተኛ ምዕራፍ ግን ስለ በሽታ ነው። በዚያ ምዕራፍ ደራሲው በሽታ አስቀድሞ የሚፀነሰው በሐሳብ ውስጥ መሆኑን፣ «ታምሜአለሁ» ብሎ ያልተቀበለ ሰው በሽታው ሥር እንደማይሰድበት፣ ሰውነትም እንደምንመለከተው እንደሚሆን ያስተምራል። ይህን ያነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ተቀመጥሁ። ሌላ አገር የተወለደ ሰው ቢጽፈው እንግዳ ባልሆነብኝ ነበር። በአዲስ ዘመንና በወረታ መካከል ያደገ ልጅ ይህን መጻፉ ግን በዚያ ዘመን ገና ሕፃን ስለ ነበር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያልነገሩትን እኔ ልንገረው።

በግንቦት 1997 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አገር ሁሉ ዓይኑን ወደ ምርጫው ሣጥን አቅንቶ በነበረበት በዚያው ወር፣ ከወረታ በስተሰሜን ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ ለብዙ ጊዜ ሰውን ሲጨርስ የቆየው በሽታ ስሙ ታወቀ። ስሙ ከመታወቁ በፊት ግን ሌላ ስም ነበረው። ሰዎች ይተኩሳሉ፤ ትኩሳቱ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር፣ ሁለት ወር ይቆያል። በግራ ጎን ጣፊያው ያብጣል፤ ሆድ ተነፍቶ እጅና እግር እንደ እንጨት ይቀጥናል። አንዳንዱን ይነስረዋል። እንዲህ ሆኖ የመጣውን ሰው የተመለከተ ሁሉ፣ ሐኪሙም ጎረቤቱም፣ ወባ ነው አለ። የወባው መድኃኒት ሳያድን በቀረ ጊዜም መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ በልልኝ። ማስረጃው «ወባ አይደለም» ብሎ በጮኸ ጊዜ ስንኳ ዓይናችን ስሙን አልለቀቀም፤ ቅጽል ጨመረለት እንጂ።

በሽታው ካላዛር ነበር። ካላዛር በአገራችን የታወቀው በሁመራና በመተማ ቆላ ነው፤ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን የሚይዝ በሽታ ነው ተብሎ ይታወቅ ነበር። በደጋና በወይና ደጋ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። የማይጠበቅ እንግዳ ደግሞ በር ላይ ቢቆምም አይታይም። ሰሊጥ አጨዳ ወርደው የሚመለሱ ጎልማሶች በደማቸው ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ በኋላ ያጠኑት ሰዎች ገምተዋል። ስሙ ከታወቀ በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ስፍራ ከፈተ፤ እስከ 2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስም ከሊቦ ከምከምና ከፎገራ የመጡ ከሁለት ሺሕ በላይ ሰዎች ታከሙ። ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት ያልበለጠ ነበር፤ ከአራቱም ሦስቱ ወንዶች ነበሩ። በዚያ ስፍራ ከታከሙት መካከል የሞተው ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ያልታከመ የካላዛር በሽተኛ ግን ከመቶ ዘጠና አምስቱና ከዚያም በላይ ይሞታል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ በሽታውን ባዩበትና ሳያዩት ባለፉበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ የጤና ሠራተኞቹን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ከእነዚያ ወገን አይደለሁም። ወባ ያዩት ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። በፎገራ ሜዳ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው አስቀድሞ በወባ ቢጠረጠር ተገቢ ነው። ከዚህም በላይ የዚህ አገር ዓይን በወባ የሠለጠነ ዓይን ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መጀመሪያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ አገሮች ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ አሳምሞ ወደ 150,000 የሚሆን ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። እናቴ ዘመን የምትቆጥረው ከንዳዱ በፊትና ከንዳዱ በኋላ እያለች ነበር። በልጅነቴም ዲዲቲ የሚረጩት ሠራተኞች በየደጃፋችን ቁጥር ሲጽፉ አይቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ በእያንዳንዱ ትኩሳት ውስጥ ወባን ቢያይ አያስገርምም። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ያዳነን ዕውቀት ሌላ ጊዜ ዓይናችንን ጋረደው።

በዚህም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ አገር የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አግኝቶ፣ በ1902 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ታላቅ ሰው ነው። ወባ በምን እንደሚተላለፍ በማጥናት ከእርሱ የሚበልጥ በዘመኑ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ሰው ያንን ካገኘ በኋላ ካላዛር ሕዝቡን ይፈጅ ወደ ነበረበት ወደ አሳም ተላከ። በሽተኞቹን አየ፤ መረመረ፤ መጨረሻም የወባ ዓይነት ነው ብሎ ጻፈ። ወባን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሰው፣ በማወቁ ምክንያት ወባ ያልሆነውን ወባ አደረገው። በ1903 ሊሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ለየብቻቸው ከሕሙማን ጣፊያ የተወሰደውን ሲመረምሩ ያገኙአቸውን ትንንሽ እንግዳ አካላት በጽሑፍ አስታወቁ። ሊሽማን ስንኳ አስቀድሞ የሚያውቀው ሌላ ተሕዋስ ትራፊ መስሎት ነበር። ሮስ ግን ጉዳዩ በቀረበለት ጊዜ የቀደመ ቃሉን ለማዳን አልተከራከረም፤ አዲስ ነገር መሆኑን ተቀብሎ በሁለቱ ሰዎች ስም ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ብሎ የሰየመው እርሱ ራሱ ነው። የኖቤሉን ሽልማት ያስገኘለትን ሥራ አደንቃለሁ፤ ይህን ስም ማውጣቱን ግን ከዚያ አላሳንሰውም።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ መጽሐፍ ልመለስ። አመለካከት ኀይል የለውም አልልም። በሊቦና በፎገራ ምን ያህል ኀይል እንዳለው አይተናል። የትኛው መድኃኒት እንዲሰጥ የወሰነው አመለካከት ነው። በሽተኛውን ወደ የትኛው ደጅ እንደሚወስዱት የወሰነው አመለካከት ነው፤ ወባ ያለው ወደ ክኒን ወሰደው፣ የሰው ዓይን ነው ያለው ወደ መድኃኒተኛ፣ መንፈስ ነው ያለው ወደ ጸበል ወሰደው። ሁሉም የሄደው በፍቅርና በድካም ነው፤ በሬውን ሸጦ የሄደም አለ። ወራቱን ያስረዘመው አመለካከት ነው። አንድ ነገር ግን ሊያደርግ አልቻለም፤ በጣፊያው ውስጥ የተቀመጠውን ተሕዋስ ሊለውጠው አልቻለም። ተሕዋሱ ምን ብለን እንደ ጠራነው አያውቅም። ወባ ባልነውም ጊዜ፣ ቡዳ ባልነውም ጊዜ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። ደራሲው የነገሮችን ሁኔታ አመለካከት ይሠራዋል ሲል፣ ነገሩን የምናገኝበትን መንገድና ነገሩን ራሱን አንድ አድርጎ ቀላቅሎአቸዋል። የመጀመሪያው በእርግጥ በእጃችን ነው። ሁለተኛውን እጃችን የሚደርስበት መጀመሪያ እንደ ሆነው ሆኖ ስናየው ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የትምህርቱ ፍሬ ነው። በሽታ ከሐሳብ ይፀነሳል ከተባለ፣ ያልዳነ በሽተኛ ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በካላዛር ተይዞ በመደብ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ «ልብህ ስለ ደከመ ነው» ሊባል ነው? ለእናቱስ «ፈርተሽ ስላየሽው ነው» ልንላት ነው? ድሃን በድህነቱ የሚወቅስ ንግግር ሰምተናል፤ በሽተኛን በበሽታው የሚወቅስ ንግግር ግን በለስላሳ ቃል ተጠቅልሎ ሲመጣ አናውቀውም። ደራሲው ርኅሩኅ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን አስቦ አልጻፈውም። ነገር ግን የጻፈው ቃል ወደዚያ ይሄዳል፤ መጽሐፍም ከደራሲው ልብ ተለይቶ ለብቻው የሚጓዝ ነገር ነው።

ትምህርቱ የተከበረ አባት እንዳለው ደራሲው በመቅድሙ ኤፒክቴጦስን ጠርቶአል። መጥራቱ መልካም ነው። ኤፒክቴጦስ በሮም መንግሥት በባርነት የኖረ፣ አንካሳ እንደ ነበረም የሚነገርለት ፈላስፋ ነው፤ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው ሐሳብ መሆኑን አስተምሮአል። ነገር ግን ትምህርቱን የጀመረው በእጃችን ያለውንና በእጃችን የሌለውን በመለየት ነው፤ በእጃችን ከሌሉት ነገሮች መካከልም አስቀድሞ ሰውነትን አስቀመጠ። ልቤን በአንካሳው እግሬ ላይ እንዳያዝን ማድረግ እችላለሁ አለ እንጂ፣ እግሬን በአመለካከቴ አቀናዋለሁ አላለም። ተማሪዬ ከአባቱ ግማሹን ብቻ ወርሶ ግማሹን ለወንድሞቹ ትቶአል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን ሰዎች በቤተ ሳይዳ ስለ ተፈወሰው ዕውር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። የዚያን ሰው ታሪክ በወጣትነቴ እንደ ተአምር ብቻ እሰማው ነበር፤ ከሸመገልሁ በኋላ ግን የሰውዬው መልስ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ጌታ አንድ ጊዜ ዳስሶት ምን እንደሚያይ በጠየቀው ጊዜ፣ ሰዎችን እንደሚንቀሳቀሱ ዛፎች አድርጎ እንደሚያይ ሳይደብቅ ተናገረ። ለዘመናት በጨለማ የኖረ ሰው ያችን ጥቂት ብርሃን ባገኘ ጊዜ «አየሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ ሊሮጥ ይችል ነበር። ወይም እንደ ዛሬው አነጋገር «የእኔ እውነት ይህ ነው፤ ለእኔ ሰው ማለት ዛፍ ነው» ሊል ይችል ነበር። እርሱ ግን ሰው ዛፍ አለመሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ዓይኑ የመሰከረለትን ተናገረ፣ ምስክሩ ጎደሎ መሆኑንም አልደበቀም። ሁለተኛ ጊዜ የተዳሰሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ በቃል ነግሬዋለሁ። በአክብሮት አዳመጠኝና «ግን መምህር፣ ተስፋ የቆረጠ በሽተኛ እኮ ከመድኃኒት ጋራም ይሞታል፤ ይህንንስ እርስዎ ይክዳሉ?» አለኝ። ጥያቄው መልካም ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አልክድም። የካላዛር ሕክምና የዋዛ አይደለም። በዚያን ዘመን ለሠላሳ ቀን ያህል በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበረ፤ በኋላ ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ አሥራ ሰባት ቀን ዝቅ ቢልም መርፌው ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል። በዘጠነኛው ቀን «ይቅርብኝ፣ አገሬ ልሙት» የሚል በሽተኛ ይኖራል። እዚያ ላይ አመለካከት ሕይወት ነው። ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ «አንድ ሳምንት ብቻ ቀረህ፣ አይዞህ» ሲለው፣ ያ ቃል ከመርፌው ጋራ አብሮ ይሠራል። እኔም «ልጄ፣ ምዕራፉን እንዲህ ብለህ ብትጽፈው ኖሮ እግርህ ድረስ መጥቼ አመሰግንህ ነበር» አልሁት። ተስፋ በሽተኛውን ከመደቡ አንሥቶ ወደ ምርመራው የሚያደርስ እግር ከሆነ ተስፋ ነው፤ መደቡ ላይ አስተኝቶ «ዳንህ» የሚለው ከሆነ ግን ሌላ ስም ይፈለግለት።

ሁለተኛው ዕትም ሲወጣ አምስተኛውን ምዕራፍ እንዲያወጣው ለምኜዋለሁ። ማውጣቱ ከከበደው ደግሞ ሦስት መስመር እንዲጨምርበት፤ ስለ አመለካከት ሳይሆን ስለ ትኩሳት። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ከዚያ ዘመን ወዲህ ተክሎ የቀረ በሽታ ሆኖአልና እነዚያን መስመሮች እዚህም ላስቀምጣቸው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ሰውነቱ የከሳ፣ በግራ ጎኑ እብጠት የሚዳሰስበት ሰው፣ ይልቁንም ወደ ቆላ እርሻ ወርዶ የተመለሰ ከሆነ፣ ለወባ ብቻ ተመርምሮ አይመለስ፤ «የካላዛር ምርመራ ይደረግልኝ» ብሎ ይጠይቅ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረግ ፈጣን ምርመራ አለ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል ተቋቁሞአል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ እጅግ ታንሳለች፤ ወገግታና ምሽት ላይ፣ ሌሊትም ትናከሳለች፤ ስትበርም እንደ ትንኝ ድምፅ የላትም።